ሰንበት የሻረው ፍሬን

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አማኝ ነው፤ አሮጌ መኪና ያለው ደግሞ ባሕታዊ! አትሳቁ... አዲስ መኪና የሚነዳ ሰው ቁልቁለት ላይ እግሩን ሲያነሣ ፍሬን ሊረግጥ ነው ይባላል። የእኔን ዓይነት የሚነዳ ሰው እግሩን ሲያነሣ ግን ጸሎት ጀመረ ነው የሚባለው። እሱ ፔዳሉን ያምናል፣ እኔ አማላጅ አበዛለሁ። እንዲያውም እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከእኔ በላይ የቅዱሳንን ስም በቅደም ተከተል የሚጠራ ሰው ካለ፣ ወይ ቄስ ነው ወይ የእኔን መኪና ተውሶ ያውቃል።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። መኪናዬ ድሮ ነጭ ነበረች አሉ፤ ምስክር ግን በሕይወት የለም። አራት በር አላት። የሾፌሩ በር ከውጭ አልከፈትም ካለ ስለቆየ፣ በተሳፋሪው በር ገብቼ፣ ማርሹን ተሻግሬ፣ ተንፏቅቄ ነው መሪ የምጨብጠው። የእጅ ፍሬኗ ድንጋይ ነው። አዎ፣ ድንጋይ! ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይጓዛል፤ ስንቆም ይወርድና ከጎማዋ ሥር ይገባል። ሰው ስጭን "እሱን ትንሽ ጠጋ አድርጉት" እላለሁ እንጂ ከወንበሩ አላስነሣውም፤ ከሁላችንም ቀድሞ የተሳፈረ እሱ ነው።

ዋናው ፍሬኗ ባለፈው ወር መጮኽ ጀመረ። መጀመሪያ ሲጢጥ አለች፤ ሰነበተችና ብረት በብረት ትፍቅ ጀመር። የሰፈራችን መካኒክ ሞገስ ጆሮውን ወደ ጎማው ጠጋ አደረገና "ሸራው አልቋል" አለኝ። ጎማውን አንቆ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ማለቱ ነው። ከደብረ ብርሃን እንዲላክልኝ አዘዝኩ። እስኪመጣ ድረስ እሷ እየጮኸች እኔ እየጸለይኩ እንነዳለን ብዬ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ መሐል ላይ የአማቴ ዓይን መጣ።

አማቴ እማማ ተዋበች የቀየት ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ግራው ይብስ ነበርና መጀመሪያ እሱ እንዲገፈፍላቸው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ለሰኞ ጠዋት ተቀጥረዋል። ቀጠሮውን ለማግኘት ስንት ደጅ እንደተጠና እኔና ባለቤቴ አስናቀች እናውቀዋለን። ያ ሰኞ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚሆን የነገረን ሰው የለም። ታዲያ በሚኒባስ አይወሰዱም? አይወሰዱም! ባለፈው ከቀየት ወደ እኛ ሲመጡ አንድ ሙክት ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ነው መሐል ሜዳ የገባው። "ከእንግዲህ በግ አላዝልም" ብለው ማሉ።

እኔ ደግሞ አፌን አታውቁትም...

"እማማ፣ እኔ እያለሁ ምን በወጣዎት? በራሴ መኪና፣ ከፊት ወንበር አስቀምጬ አደርስዎታለሁ!"

"ይቆማል?" አሉኝ።

"ምኑ?"

"መኪናው ነዋ። መሄዱንማ ሁሉም ይሄዳል።"

በዚያች በደከመች ዓይናቸው ይህን እንዴት እንዳዩ አላውቅም። "ይቆማል!" ብዬ በልጃቸው ፊት፣ በማርያም ስም ማልኩ። ነገሩ ከፍሬንነት አልፎ የትዳር ጉዳይ ሆነ።

ሸራው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በሚኒባስ ደረሰ። እሑድ ጠዋት ሞገስን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጠበቅኩት። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጥፍሩ ውስጥ እንኳ ግሪስ ሳይኖር ወጣ። አላወቅኩትም ነበር ማለት ይቀለኛል።

"ሞገስ፣ ዛሬውኑ ትሠራልኛለህ።"

"ሰንበት ነው። ያውም ማርያም!"

"አማቴ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ናቸው!"

"ትናንት አትነግረኝም?"

"ባለፈው ቅዳሜ ስነግርህ 'ቅዳሜም ሰንበት ነው' አላልከኝም?"

"አልኩህ። ነውም።"

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መንግሥት ዕረፍ የሚለኝ ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እግዜር ምንም አትንካ ያለበት ቀን ነው። በሌላው ቀን እንዳልሠራ ሥራ አለብኝ። እንደኔ ዓይነቱ ሰው ፍሬን የሚቀይረው መቼ ነው?

ስለዚህ ራሴው ልቀይረው ወሰንኩ። ምን ይከብዳል? ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቻለሁ። ሰውዬው ሙዚቃ ከፍቶ፣ እጅጌው እንኳ ሳይቆሽሽ፣ እኔ እንጀራ ሳልጨርስ እሱ ጎማውን መልሶ ገጥሞ ጨርሷል። ሞገስ የሚኮራው እንግዲህ በዚህ ነው ብዬ ናቅኩት።

መኪናዋን አጥሩ ጥግ አቆምኩ። ድንጋዩን ከኋላ ወንበር አውርጄ ጎማ ሥር ሸጎጥኩ። የፊት ግራዋን በክሪክ አነሣኋት፤ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ጎማውን አውልቄ አጥሩ ላይ አስደገፍኩት። በነገራችን ላይ ከአራቱ ጎማዎች ጥርስ ያለው ያ ብቻ ነው፤ የቀሩት በድዳቸው ነው የሚነዱት። እማማ ተዋበች የሱፍ ባናቸውን ደርበው ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠው በጆሯቸው ይከታተሉኛል።

"አለቀ?" ይላሉ ብረት በተንኳኳ ቁጥር።

"ገና ነው እማማ።"

ከአጥሩ ማዶ ያለው የጋሽ ሽፈራው ገብስ ነው። እሸትነቱን ጨርሶ ቢጫ መልበስ ጀምሯል፤ ማጭድ ሊገባበት የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ጋሽ ሽፈራው በዚያ ሰሞን ከሰው ጋር ሲነጋገሩ እንኳ ዓይናቸው ሰማይ ላይ ነበር። በዚህ ሰዓት የሚፈራ አንድ ነገር ነው፣ በረዶ። በረዶን የሚጠራው ደግሞ በእኛ አገር ሰንበት የሚሽር ሰው ነው። ክፋቱ፣ በረዶው ሲመጣ ጥፋተኛውን መርጦ አይመታም። እኔ ስሽር የሚመታው የሳቸው ገብስ ነው፤ እኔማ ምን አለኝ? ከመኪናዋ ቆርቆሮ በቀር የሚመታ ንብረት የለኝም፤ እሷም ለምዳዋለች።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉ ጋሽ ሽፈራው አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አስግገው።

"ሸራ እየቀየርኩ ነው ጋሼ።"

"በሰንበት?"

"በሰንበት።"

"በማርያም?"

"በማርያም..." አልኩ፣ ድምፄ አንሶ።

ሰማዩን አዩ። በጓሳ ተራራ በኩል ባርኔጣ የምታህል ደመና ብቅ ብላለች። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና "ቆይ! መምሬን ይዤ እመጣለሁ!" ብለው ገሠገሡ። መምሬ ጌጡ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ የእኔም የሳቸውም። በአንድ የነፍስ አባት ሁለት ጎረቤት መካሰስ እንደሚቻል ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

እኔ እሳቸው ሳይመለሱ ለመጨረስ ተጣደፍኩ። አሮጌውን ሸራ ማውጣት አቃተኝ። የቪዲዮው ሰውዬ የፈታት የምትመስል አንዲት ትንሽ ብሎን አየሁና ጠመዘዝኳት። ዘይት ጠብ... ጠብ... እያለ በክንዴ ላይ ወረደ።

"አየር አስገባህበት!"

ቀና ስል ሞገስ ነው። በአጥራችን ሲያልፍ ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው፤ ሁሉም "በአጋጣሚ"። ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል።

"ና አግዘኝ!"

"አልነካም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ?"

"አያለሁ። ማየት ሥራ አይደለም።"

ድንጋይ ላይ ነጠላውን አነጠፈና ተቀመጠ። ማየቱ ቀስ በቀስ መናገር ሆነ። "እሷን ዝጋ። በግራ በኩል ያለውን ፍታ። ግራህን! የምትበላበት እጅህ ያልሆነውን!" እያለ፣ ጣቶቹ እርስ በርስ እየተናነቁ፣ አሮጌውን ሸራ አስወጥቶ አዲሱን አስገባኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጾም ወራት ልኳንዳ ቤት ፊት የቆመ ሰው እንኳ እንደሱ ሲሠቃይ አላየሁም።

በዚህ መሐል መምሬ ጌጡ ደረሱ። መስቀል አሳለሙን፤ እኔን በክርናቸው አራቅ አድርገው በዘይት ያልተነካ ግንባሬን ፈልገው አሳለሙኝ። ጋሽ ሽፈራው ክሳቸውን አሰሙ። እኔ መልሴን ሰጠሁ። እማማ ተዋበች ምስክር ሆኑ። መምሬ ጢማቸውን አሻሹና፣

"በሬው ጉድጓድ የገባበት ሰው በሰንበትም ቢሆን ያወጣዋል። ይህም እንደዚያው ነው፣ ምሕረት ነው" አሉ።

"በሬው እኔ ነኝ ማለት ነው?" አሉ እማማ ተዋበች ከደጃፉ።

"የለም የለም፣ በሬው መኪናው ነው።"

"እንግዲያ ጉድጓዱ ነኛ!"

መምሬ ነገሩን መተርጎም ትተው ወደ ፍርዱ አለፉ። ጋሽ ሽፈራው ግን አልበረዱም። "ማውለቁስ ይሁን፣ ማግባቱም ይሁን፤ በመፍቻ እየተንጠለጠሉ፣ በጉልበት ብረት ማጥበቅ ግን የለየለት ሥራ ነው! ከእርሻ በምን ይለያል?" ብለው ተሟገቱ። መምሬ ሰላም ወዳድ ናቸው። "መልካም፤ የጎማውን ብሎኖች በጣቱ ያግባቸው። በመፍቻ በጉልበት የሚያጠብቃቸው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው" ብለው ቆረጡ። ዘይት የምታፈሰዋ ትንሿ ብሎን ብቻ በትንሽነቷ ምሕረት አግኝታ እንድትጠብቅ ተፈቀደላት። ሁላችንም ፍርዱን ወደድነው፤ ሞገስ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። ይህን ፍርድ እንዳትረሱብኝ። እኛ ረስተነዋል።

አሁን የገባውን አየር ማስወጣት ነው። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን ይረግጣል፤ እኔ ከታች ትንሿን ብሎን ከፍቼ አየሩን አስተነፍሳለሁ፤ ዘግቼ ሳበቃ እሱ ይለቃል። አስናቀችን ለመንኳት።

"በሰንበት ነጠላ የማላጥብ ሴት ፍሬን ልረግጥልህ?" ብላ ወደ ቤት ገባች።

ጋሽ ሽፈራው ደመናዋን አዩ። በርኖስ አክላለች። ገብሱን አዩ። እኔን አዩ። ከተጀመረማ ቶሎ ይለቅ ያሉ መሰለኝ...

"የቱን ነው የሚረገጠው?"

"የመሐሉን፣ ጋሼ!"

"ተቀምጬ ነው?"

"ተቀምጠው።"

"እግሬን ዘርግቼ?"

"ዘርግተው!"

"እንግዲያ ይሄ ዕረፍት ነው" አሉና በተሳፋሪው በር ገብተው፣ ማርሹን ተሻግረው፣ እንደኔው ተንፏቀቁ።

መግባባት ግን አልቻልንም። "ይርገጡ!" ስል ይለቃሉ፣ "ይልቀቁ!" ስል "ምን አልክ?" ይላሉ፣ ዘይቱ ፊቴ ላይ ይተፋል። ሞገስ ከድንጋዩ ላይ "አንድ ላይ! አንድ ላይ!" እያለ ይጮኻል። በመጨረሻ መላ ያመጡት መምሬ ናቸው። "እኔ 'እግዚኦ' ስል ሽፈራው ይርገጥ፣ አንተም ክፈት። ሕዝቡ ሲቀበል አንተ ዝጋ፣ እሱ ይልቀቅ።" ሕዝቡ ማለት እማማ ተዋበችና በር ላይ የወጣችው አስናቀች ናቸው።

"እግዚኦ!" ይላሉ መምሬ። ጋሽ ሽፈራው ይረግጣሉ። ፊስስስ...

"መሐረነ ክርስቶስ!" ይላል ሕዝቡ። ብሎኗ ትዘጋለች።

"እግዚኦ!"

"መሐረነ ክርስቶስ!"

ሠራ! አንድ መንገደኛ በአጥራችን ሲያልፍ ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች፣ መስቀል የያዙ ቄስና እግዚኦታ አንድ ላይ አየና ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። "ነፍስ ይማር" ሲል ሰምቼዋለሁ። ከታች ሆኜ "አሜን" አልኩ፤ የሚያስፈልገኝ ይመስለኝ ነበር።

ጥቂት እንደቆየን "ደነደነ! ፔዳሉ ደነደነ!" ብለው ጋሽ ሽፈራው ጮኹ። ደመናዋም ወደ ጊሼ በኩል ዞረች፤ የጊሼ ሰዎች ይቅር ይበሉን። ደስታችንን ብታዩ! ጎማውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ብሎኖቹን እንደ ፍርዱ በጣቴ አስገባኋቸው፣ ክሪኩን አወረድኩ። ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር። ተመራርቀን ልንለያይ ስንል እማማ ተዋበች ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ያቺኑ ጥያቄ ጠየቁ።

"ታዲያ... ይቆማል?"

የስንት ሰው ድካም ነው በሁለት ቃል የተጠየቀው! ደሜ ፈላ። "አሁኑኑ አሳይዎታለሁ!" አልኩ። መምሬ አልከለከሉኝም። ሞገስ አልከለከለኝም። ጋሽ ሽፈራው ጭራሽ "እኔ የረገጥኩት ፍሬን ነው" ብለው ከጎኔ ገቡ። ማስታወስ በሰንበት አይከለከልም፤ ያስታወሰ ግን አልነበረም።

ከበራችን የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ የጋሽ ሽፈራውን ገብስ ታክኮ ያልፋል። ትንሽ ለቀቅኳትና ረገጥኩ። ቆመች! አስናቀች እልል አለች። ደገምኩ። ቆመች! "ቆመ እማማ! ቆመ!" እያሉ መምሬ ለእማማ ተዋበች ያስረዳሉ። በሦስተኛው... ልቤ አበጠ። ድንጋይ በበዛበት ቦታ ላይ ዝም ብዬ ለቀቅኳትና በጉልበት ረገጥኩ።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ጋሽ ሽፈራውም ቆሙ። አብሮን የነበረ አንድ ነገር ግን አልቆመም። በግራ በኩል አልፎን ሄደ።

"ያ የማን ጎማ ነው?" አሉ ጋሽ ሽፈራው በመስታወቱ እያዩ።

"የእኛ ነው ጋሼ..." ስል መኪናዋ በግራ ጎኗ ቋ! ብላ ተቀመጠች።

ጎማው አልቸኮለም። መንገዱን ይዞ ጥቂት ወረደ። ከዚያ የሚያውቀው ቤት እንደደረሰ ሁሉ ዞር አለ፤ ከብት እንዳይገባ በተካበው ካብ መሐል ባለችው አንዲት ክፍተት ገባ፤ ክፍተቷ ላይ ያለውን ጭቃ ረግጦ ወደ ገብሱ ዘለቀ። ገብሱ ግራና ቀኝ እየተኛለት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሰምሮ፣ ማሳው ጫፍ ላይ ተንገዳግዶ ወደቀ።

ከበሩ አካባቢ መምሬ ብቻቸውን "መሐረነ ክርስቶስ" አሉ። እኔ አፈርኩ፤ ከምር አፈርኩ። ሰውዬው ወሩን ሙሉ ሰማይ ሲጠብቁለት የከረሙትን ገብስ እኔ በምድር አስገብቼ አስረገጥኩባቸው። "ጋሼ፣ ይቅርታ..." ብዬ ጀምሬ ነበር።

ጋሽ ሽፈራው አልሰሙኝም። ሰማዩን አዩ፤ ጥርት ብሏል። ገብሱን አዩ። ከዚያ ብሎኖቹ ለምን እንዳልጠበቁ፣ እንዳይጠብቁ የተሟገተው ማን እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ከፊታቸው ላይ አየሁት።

"በረዶ ነው" አሉ።

"ምን?"

"በረዶ ነው አልኩህ! ሰንበት ተሻረ፣ በረዶ መጣ። ሰው ቢጠይቅህ እንደሱ ነው የምትለው።"

"እንደሱ ነው" አሉ ሮጠው የደረሱት መምሬ ጌጡም ፈጥነው፤ ፍርዱ የሳቸው ነበርና።

ፀሐይዋ እንደጠለቀች ሞገስ የእሑድ ልብሱን ቀይሮ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ እየሮጠ መጣ። ብሎኖቹን ያጠበቃቸው በንዴት ይሁን በፍቅር አላውቅም፤ ከመጥበቃቸው የተነሣ ለምጽአት ቀን ካልሆነ የሚፈታቸው የለም። ጋሽ ሽፈራው ደግሞ መፍቻውን ያቀበሉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ገብሱ ሲታጨድ ማጭድ ይዤ ልመጣ ቃል ገባሁላቸው። አጨዳው የሥራ ቀን ላይ ስለሚውል ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ሰኞ ከንጋቱ ወጣን። እማማ ተዋበች ከፊት፣ አስናቀችና ድንጋዩ ከኋላ። በየቁልቁለቱ "ይቆማል?" ይላሉ፤ "ይቆማል!" እላለሁ፤ እረግጣለሁ፤ ይቆማል። ቀጠሯችን ሳያልፍ ደረስን። የግራ ዓይናቸው ሞራ ተገፈፈ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ትክ ብለው አዩኝና "እንዲህ ነህ እንዴ?" አሉኝ። ደስታዬ ያንን እንኳ አሳለፈልኝ፤ ዕንባዬ መጥቶ ነበር።

ወደ መሐል ሜዳ ስንመለስ በራችን ላይ አቆምኩና አወረድኳቸው። ጋሽ ሽፈራው "እንኳን ለዚህ አበቃዎ እማማ!" እያሉ ከማሳቸው መጡ። እማማ ተዋበች ግን ዓይናቸው ገብሱ ላይ ነበር።

"ሽፈራው፣ ገብስህን ምን ነካው?"

"በረዶ ነው እማማ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ። "ያ እሑድ ዕለት የመጣው።"

"ይቺን መስመር ብቻ መታ?"

"የእግዜር ሥራ አይመረመርም።"

እማማ ተዋበች ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ካቡ ክፍተት ተጠጉ። ጭቃው ደርቋል። ጎንበስ ብለው፣ በዚያች አዲስ ዓይናቸው፣ ከዚህ በፊት ያላዩትን ሁሉ የሚያካክሱ ይመስል ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

"እንግዲህ ዘመኑ ተለውጧል" አሉ። "በእኛ ጊዜ በረዶ የጎማ ጥርስ አልነበረውም።"